የተቀመጠ ናሙና አማና ነው

(በሬዲዮ የሙስሊሞች ፕሮግራም ላይ የቀረበ ንግግር ሲሆን፣ ለመጽሔቱ አንባቢያን እንዲመች ሆኖ ተዘጋጅቷል።)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሶሓቦቻቸውና ፈለጋቸውን በመልካም በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።



ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው ርዕስ በመስጂዶቻችን ብዙ የማይነሳ ነው። ለሕክምና ምርምር ተብሎ ከሰው አካል ተወስዶ በላቦራቶሪ ስለሚቀመጥ ደም፣ አክታና ቁራጭ ሥጋ እንነጋገራለን። «ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ነው፤ ኢማሞችን ምን አገባቸው?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። እውነቱን ለመናገር እኛም ሁለት ጥያቄዎች ደጃችን ድረስ እስኪመጡ እንደዚያ ነበር የምናስበው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የመጣው ከአንድ አዛውንት ነው። ከአንኮበር ቁልቁል፣ ከአልዩ አምባ በኩል ለሕክምና ወደ ደብረ ብርሃን የመጡ አባት ናቸው። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ጠብቀው ያዙን። «ሸኽዬ» አሉን፣ «ለሕመሜ ደም ቀዱኝ፤ እሱስ ይሁን። ኋላ አንድ ልጅ ወረቀት ይዞ መጣና ‹አባባ፣ ሌላ ጥቂት ደም ለጥናት ልቅዳ፤ ለብዙ ዓመት ይቀመጣል፤ ካልፈቀዱ ግን አልነካዎትም› አለኝ። ደሜ ያለ እኔ የት ተቀምጦ ይኖራል? ብሞትስ? እኔ ስቀበር ደሜ እዚያው ሊቀር ነው? ሐራም ከሆነ ንገሩኝ፤ ልጁን ነገ ና ብዬዋለሁ።»

ሁለተኛው ጥያቄ በስልክ የመጣ ነው። ጠያቂዋ በላቦራቶሪ የምትሠራ ወጣት እህታችን ናት። የምትሠራበትን ቤት ስም አንጠራም፤ አስፈላጊም አይደለም። «ኡስታዝ» አለችን፣ «በዒድ ዋዜማ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ዒድ ነውና ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ ማታ ስመለስ መብራት ከጠፋ ቆይቷል፤ ጄኔሬተሩም ነዳጅ የለውም። በፍሪዘሩ ውስጥ የነበረው የሰው ደም ሁሉ ቀልጧል። መብራቱ ሲመጣ መልሶ ደረቀ። አለቃዬ ‹ማን ያያል? መዝገቡን እንደ ወትሮው ሙይው› አለኝ። ሞላሁት። ከዚያ ወዲህ ሶላት ላይ ስቆም ልቤ አይረጋም።»

ወንድሞችና እህቶች! እኒህ ሁለት ሰዎች አይተዋወቁም። የሚያገናኛቸው ግን አንድ ነገር ነው። አንዱ ሰጪ ነው፤ ሌላዋ ጠባቂ ናት። በመካከላቸው ያለው ደግሞ በሸሪዓችን ስሙ የታወቀ ነው፤ አማና ይባላል።

በፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ ነገሩን እንወቀው። ሸሪዓ በማናውቀው ነገር ላይ ፍርድ እንዳንሰጥ ይከለክለናልና።

ከአንድ ሰው ክንድ በመርፌ የተቀዳ ደም በትንሽ ቲዩብ ይገባል። ቲዩቡ ሴንትሪፊዩጅ በሚባል በፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ ውስጥ ይቀመጥና ደሙ በየፈርጁ ይለያል፤ ቀዩ ከታች ይሰፍራል፣ ቢጫው ውሃ ፕላዝማ ወይም ሴረም ተብሎ ከላይ ይቀራል። ይህ ቢጫ ውሃ ከጣት ጫፍ ብዙም በማይበልጡ ብልቃጦች ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ብልቃጥ የሰው ስም ሳይሆን ቁጥር ይለጠፍበታል። ስሙና ቁጥሩ የሚገናኙበት መዝገብ ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጣል። ብልቃጦቹ በሣጥን ይደረደራሉ፤ በብዙ ቦታ የሚሠራበት ሣጥን ዘጠኝ በዘጠኝ ሆኖ 81 ብልቃጥ ይይዛል። ሣጥኑ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ወደሆነ ፍሪዘር ይገባል። ሕይወት ያለው ሕዋስ ከሆነ ደግሞ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ወደሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይገባል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። የኅዳርን ውርጭ የለመደ የከተማችን ሰው «እኛ ዘንድ ፍሪዘር ምን ያደርጋል?» ብሎ ይቀልድ ይሆናል። ነገር ግን የእኛ ብርድ ለዚህ ሥራ ሙቀት ነው። ውሃ በሚረጋበት ብርድ ውስጥ እንኳ ደም ቀስ በቀስ ይለወጣል። ከዜሮ በታች 80 ላይ ግን የአንድ ሰው ደም ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ ይቆያል። አንዴ ቀልጦ መልሶ ቢደርቅ በውስጡ ያሉ ረቂቅ ነገሮች ይሰባበራሉ። ችግሩ ዓይን አይለየውም፤ የቀለጠውም ያልቀለጠውም አንድ ይመስላል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? ሐኪም ዛሬ ያልጠየቀውን ጥያቄ ነገ ይጠይቃልና ነው። አዲስ መመርመሪያ ሲገኝ፣ አዲስ በሽታ ሲከሰት፣ ትናንት የተቀመጠው ናሙና ይመሰክራል።

ዩሱፍ (ዐ.ሰ) እና ጎተራው

ለክፉ ቀን ማስቀመጥን ቁርኣን አስተምሮናል። በሱረቱ ዩሱፍ የግብፁ ንጉሥ ሰባት የወፈሩ ላሞችን ሰባት የከሱ ሲበሏቸው በሕልሙ አየ። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ሕልሙን ሲፈቱ ሰባት የጥጋብ ዓመት፣ ከዚያም ሰባት የረሃብ ዓመት እንደሚመጣ ተናገሩ። ትንቢቱን ነግረው ብቻ አልተዉም፤ የማቆያውን ዘዴም አብረው አስተማሩ። ለመብል ከሚሆነው ጥቂት በቀር አዝመራው ሳይወቃ በዛላው እንዲቀመጥ መከሩ። ገበሬ የሆናችሁ አድማጮቻችን በዛላው ያለ እህል ከተወቃው ይልቅ እንደሚቆይ ታውቃላችሁ።

ከዚያም ዩሱፍ (ዐ.ሰ) በጎተራዎቹ ላይ እንዲሾሙ ሲጠይቁ ሁለት ባሕርያቸውን ጠቀሱ፤ ሐፊዝና ዐሊም መሆናቸውን። ጠባቂ፣ ዐዋቂም። ዘመዳቸውን ወይም ዝናቸውን አልጠቀሱም። የሰው ሁሉ ሕይወት የተንጠለጠለበትን ዕቃ የሚያስቀምጥ ሰው እነዚህ ሁለቱ ያስፈልጉታል። ዕውቀት ኖሮት የማይጠብቅ ያባክነዋል። ጠባቂ ሆኖ ዕውቀት የሌለው ደግሞ ሳያውቅ ያበላሸዋል። የዛሬው የናሙና ማከማቻ ላቦራቶሪ የዘመናችን ጎተራ ነው ብንል አላጋነንም።

የራሳችን ሰው ደም በራሳችን ጎተራ መኖሩ ምን እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ እንስጥ። ኮዴይን የሚባል የሕመም ማስታገሻ አለ። ይህ መድኃኒት በጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ተለውጦ ነው የሚሠራው። የሚለውጠው ኤንዛይም በአንዳንድ ሰው ላይ እጅግ ፈጣን ስለሆነ የተለመደው መጠን ከልክ ያለፈ ሊሆንበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1996 ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት 122 ኢትዮጵያውያንን መርምሮ 29 በመቶዎቹ የዚህ ፈጣን ኤንዛይም ጂን ተደራርቦ እንዳላቸው አገኘ። በስዊድን ሰዎች ዘንድ ይህ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ላይ ብቻ የሚገኝ ነው። ልብ በሉ! በሌላ አገር ሰው ላይ ብቻ የተፈተነ መድኃኒት የእኛን ሰው አካል ላያውቀው ይችላል። የእኛን አካል ለሐኪም የሚያስተዋውቀው የእኛው ሰው የሰጠው ደም ነው።

ሌላም እንጨምር። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ፣ ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ የአርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አነሳሽነት ሥጋ ደዌን ለመመርመር ተቋቋመ፤ ከ2004 ጀምሮ በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር ነው። የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ እስከ ዛሬ በላቦራቶሪ ምግብ ላይ ማብቀል አልተቻለም። ስለዚህ ምርምሩ በሕመምተኞች ፈቃደኝነት ላይ የቆመ ነው። ሕዝብ ከሸሸው ሕመምተኛ ቆዳ የተወሰደች ቁራጭ ሥጋ ለሌላው መዳኛ የዕውቀት ምንጭ ሆናለች። አላህ አንዲትን ነፍስ ያዳነ ሰውን ሁሉ እንዳዳነ መቁጠሩን በሱረቱል ማኢዳ ነግሮናል። ሰደቃ በገንዘብ ብቻ አይደለም።

ወፍ አይጠየቅም፤ ሰው ግን ይጠየቃል

ይህን ስንል ግን «የተጠየቀ ሁሉ ዝም ብሎ ይስጥ» ማለታችን አይደለም። የአባታችን ጥርጣሬ ከባዶ የመጣ አይደለም።

የአንኮበር ሰው ናሙና ሲሰበሰብ ማየት የጀመረው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ ልዑክ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደ ሸዋ ሲመጣ የተፈጥሮ ተመራማሪ ይዞ ነበር። በኋላም አፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር ልዑካን አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ሰፈሩ። መሪያቸው ኦራዚዮ አንቲኖሪ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው እስኪሞት ድረስ የአካባቢውን ወፎችና እንስሳት እየሰበሰበ ወደ አገሩ ሙዚየም ይልክ ነበር። ወፍ ፈቃድ አይጠየቅም። የአደም ልጅ ግን አላህ ያከበረው ፍጡር ነው፤ አካሉ ያለ ፈቃዱ አይነካም። በሕይወት ሳለ ብቻ ሳይሆን ከሞተ በኋላም አጥንቱ እንዳይሰበር ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋል።

ይህን ድንበር የታወቁ ሊቃውንትም ተላልፈውታል። ቅድም የጠቀስነው ኢንስቲትዩት የተሰየመበት ኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘ ሰው ነው። ይኸው ሐኪም በ1879 ከአንድ ሕመምተኛ የወሰደውን ነገር ሳያስፈቅድ ወደ አንዲት ሕመምተኛ ሴት ዓይን አስገባ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1880 ከሆስፒታል ሐኪምነቱ ተሻረ። ሱብሐነላህ! ግኝቱ አላዳነውም። ስሙ ዛሬም የሚከበረው ለዕውቀቱ ነው፤ ታሪኩ የሚነገረው ግን ለትምህርት ጭምር ነው።

በአሜሪካ አሪዞና ደግሞ ሐቫሱፓይ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች አሉ። ከ1990 ጀምሮ ለስኳር ሕመም ጥናት ብለው ደማቸውን ሰጡ። ከዓመታት በኋላ ያ ደም እነሱ ላልሰሙት ሌላ ጥናት፣ ለአእምሮ ሕመምና ለዘር ሐረጋቸው ምርመራ ጭምር መዋሉን ሰሙ። ጉዳዩ በክርክር ቆይቶ በ2010 በስምምነት ሲያልቅ ከካሣው ጋር የተረፈው ደማቸው ተመለሰላቸው። አማና ወደ ባለቤቱ ተመለሰ ማለት ነው።

የአንድ ሰው ደም ስለ ዘመዱም የሚናገር መሆኑን አንርሳ። በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባል የእግር እብጠት አለ። በደቡብ ኢትዮጵያ በተሰበሰበ ናሙና ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አንዳንዱ ሰው ለዚህ በሽታ የሚያጋልጥ ነገር ከወላጅ እንደሚወርስ አሳየ። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ልጆቻቸው ገና ከሕፃንነት ጫማ እንዲያደርጉ ያስመክራል። ጉዳቱስ? «የእነ እገሌ ደም በሽታ አለበት» ተብሎ ልጃቸው ሳትዳር ልትቀር ትችላለች። ለዚህም ነበር ተመራማሪዎች ከበሽታው ጋር ያለው መገለል የፈቃድ አጠያየቁን እንዴት እንደሚነካው አጥንተው በ2009 ያሳተሙት። የሰውን ነውር መሸፈን፣ ሲትር ማድረግ፣ በዲናችን የታዘዝነው ነው። ስምን ከብልቃጡ ላይ አንስቶ ቁጥር መለጠፍ የዚሁ ሲትር አንዱ መንገድ ነው። አገራችንም በ2016 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1321 የግል መረጃ ጥበቃን በሕግ ደንግጋለች።

ለአባታችን የሰጠነው መልስ

አባታችንን አስቀምጠን እንዲህ አልናቸው። «አባቴ፣ በመጀመሪያ ሐራም አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዋግምት ተደርገዋል። እርስዎም ወላጆችዎም በዋግምት ስንት ደም አፍስሳችኋል! ያ ደም ከእናንተ ጋር ሊቀበር ተጠብቆ አያውቅም። አላህ በቂያማ ቀን አጥንትን የሚሰበስብ፣ የጣትን ጫፍ እንኳ እንደነበረ የሚያስተካክል ጌታ ነው፤ በፍሪዘር የቀረ ጠብታ አያስቸግረውም። ለምርመራ የሚቀዳ ጥቂት ደም ጾምን እንደማያስፈታም ብዙ የዘመናችን ዑለማዎች ተናግረዋል። ለጥንቃቄ ግን ጊዜ ካለ ከፍጡር በኋላ ማድረጉ ይመረጣል።

ሁለተኛ፣ አይሸጡትም። የሰው አካል ዋጋ የማይተመንለት ክቡር ነው። የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ጅዳ ላይ ሲሰበሰብ የሰውን አካል መለገስ በመስፈርት ሲፈቅድ መሸጡን ከልክሏል። የትራንስፖርትና የዋሉበት ቀን ማካካሻ ቢሰጥዎ ግን የደም ዋጋ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ዝም ብለው አይፈርሙ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ሶላት ወይም ስለ ጾም ሳይሆን ብድርን ስለ መጻፍና ስለ ማስመስከር ነው። ልጁ የያዘው ወረቀት የዚህ ዓይነት ነው። እርስዎ ማንበብ ባይችሉ የሚያምኑት ሰው አጠገብዎ ቆሞ ያንብብልዎ። ልጁንም አምስት ነገር ይጠይቁት። ደሜ ለየትኛው ጥናት ነው? ስንት ዓመት ይቀመጣል? ስሜን ማን ያውቃል? ከአገር ይወጣል ወይ? ሐሳቤን ብለውጥ ተነሥቶ ይወገድልኛል ወይ? የሚመልስልዎ ከሆነ አዋቂ ነው። ከተቆጣ ግን ወረቀቱን ይመልሱለት። እምቢ በማለትዎ ሕክምናዎ አይቀርብዎትም፤ ይህ መብትዎ ነው።»

አባታችን በማግስቱ ያደረጉትን ነግረውናል። ልጁን አምስቱን ጠየቁት። ልጁም ጥናቱን የሥነ ምግባር ኮሚቴ መርምሮ እንደፈቀደው፣ ናሙና ከአገር ሲወጣም የራሱ ውል እንዳለው አስረዳቸው። እሳቸው ለጥናቱ ፈቀዱ፤ እንዲቀመጥም ፈቀዱ፤ ወደ ውጭ አገር እንዲላክ ግን አልፈቀዱም። ልጁ በየአንቀጹ የፈቀዱትንና ያልፈቀዱትን ለይቶ ጻፈና አስፈረማቸው። «አከበረኝ» አሉን አባታችን። ያቺ አንዲት ቃል ትበቃለች።

ለእህታችን የሰጠነው መልስ

የእህታችን ጥያቄ የበለጠ ከበደን። የአልዩ አምባ ገበያ ቀድሞ ዘመን ከሐረርና ከታጁራ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ የሚገናኝበት ነበር። ዕቃውን በሰው ቤት በአደራ ሳያስቀምጥ ሲራራ ንግድ የለም። ነጋዴው ግን ሲመለስ ከረጢቱን ፈትቶ ያያል፤ ቢጎድል ይጠይቃል። የደም ባለቤት እንዲህ አያደርግም። ተመልሶ ፍሪዘሩን የሚከፍት የለም። ሰጥቶ ይሄዳል፤ ይረሳዋል፤ ይሞታል። አማናውን የሚያየው አላህ ብቻ ነው። የማይቆጣጠርህ ሰው አማና ከሁሉ የከበደ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ ሊገድሏቸው የሚፈልጉት የቁረይሾች ዕቃ በእጃቸው በአደራ ነበር። ነፍሳቸው በአደጋ ላይ ሳለች እንኳ ዐሊይን (ረ.ዐ) ወደኋላ አስቀርተው አማናውን ለየባለቤቱ እንዲመልስ አዘዙ። ሌላ ቀን ደግሞ በገበያ ሲያልፉ በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሰደዱ። ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ዝናብ መትቶት ነው ቢባሉ፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁ፤ አታላይም ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ።

ለእህታችን ያልናት ይህንኑ ነው። «ልጄ፣ መብራት መጥፋቱ የአላህ ቀደር ነው፤ ዝናብ የእህሉን ክምር እንደመታው ማለት ነው። ተረኛ ሆነሽ መሄድሽ ጉድለት ነው፤ ኢስቲግፋር አድርጊበት። ትልቁ ጥፋት ግን እርጥቡን ከታች አድርገሽ ደረቁን ከላይ ያሳየሽበት መዝገብ ነው። ያንን ቁጥር አምኖ አንድ ተመራማሪ የተበላሸውን ደም ደህና ነው ብሎ ይመረምራል። ውጤቱ ውሸት ይሆናል። በውሸት ውጤት መድኃኒት ይመጠናል፤ የማታውቂው ሕመምተኛ ይጎዳል። የሰዎቹ ስጦታም ከንቱ ይቀራል። ተውባ በሰው ሐቅ ላይ ሲሆን በለቅሶ ብቻ አይሞላም፤ ሐቁ መመለስ አለበት። ያንቺ መመለሻ እውነቱን መጻፍ ነው።»

እህታችን ቀላል ነገር አልጠየቅናትም። እንጀራዋ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ለጥናቱ ባለቤት ሄዳ የሆነውን ነገረች። የቆየውን ጽሑፍ ሳትፍቅ ከሥሩ እውነተኛውን ቀንና ሰዓት ጽፋ ፈረመች። አለቃዋ ተቆጣት፤ በዚያ ሳምንት ብዙ ተሰቃየች። የቀለጡት ሣጥኖች «የቀለጠ» ተብለው ተለዩና ከጥናቱ ወጡ። ጥናቱ ዘገየ፤ ነገር ግን አልዋሸም። «አሁን ሶላት ላይ ስቆም ሣጥኖቹ አይታዩኝም» ብላ ደወለችልን።

ነገሩን በአንዲት ልጅ ትከሻ ላይ ብቻ መጣል ግን በደል ነው። እንዲህ ያለውን ቤት የምታስተዳድሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ሐፊዝና ዐሊም መሆን ያለባችሁ በመጀመሪያ እናንተ ናችሁ። ፍሪዘሩ ሲገዛ ሪባን ይቆረጣል፤ ነዳጁ፣ ጥገናውና የተረኛው አበል ግን ይረሳል። የአንድ ሰው ናሙና ተከፍሎ በሁለት ፍሪዘር ይቀመጥ፤ አንዱ ቢቀልጥ ሌላው ይተርፋል። ሙቀት ሲጨምር ስልክ የሚደውል ማስጠንቀቂያ ይኑር። ሙቀቱ ጠዋትና ማታ ይመዝገብ። በዒድም በገናም ተረኛ ይመደብ፤ ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ በዓል ቢተካካ ምን ይከብዳል? ከሁሉ በላይ ግን ሠራተኛ እውነት በመጻፉ የማይቀጣበት ቤት ይሁን። እውነት የሚያስቀጣ ከሆነ መዝገቡ ሁልጊዜ ያማረ፣ ደሙ ግን የተበላሸ ይሆናል።

እኛስ?

በመጨረሻ ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ ኢማሞች በዚህ ጉዳይ ንጹሕ አይደለንም። ከዓመታት በፊት «ደማችንን ወስደው ይነግዱበታል» የሚል ወሬ ሰምተን፣ ሳናጣራ፣ ከሚንበር ላይ «ተጠንቀቁ» ብለን ነበር። ስለ ምን እንደሚጠነቀቁ፣ ምን እንደሚጠይቁ አላስተማርንም። ጀመዓችን ከእኛ የወሰደው ፍርሃትን ብቻ ነው። ወሬን ከማሰራጨት በፊት እንድናጣራ ታዘን ሳለ ሳናጣራ ተናገርን። አላህ ይማረን።

ዛሬ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በአስራት ወልደየስ የጤና ሳይንስ ካምፓስ የሚማሩ ልጆቻችን አሉ። ነገ ቲዩብና ወረቀት ይዘው ወደ አባቶቻችን የሚሄዱት እነሱ ናቸው። ልጆቻችን፣ አዛውንቱን ቁጭ ብላችሁ በሚገባቸው ቋንቋ አስረዱ፤ ፊርማ ለማግኘት አትቸኩሉ። ጀመዓው ደግሞ የጠየቀውን ሰው ሌባ ነው ብሎ አይጀምር።

በ2012 ዓ.ም ኮሮና በዓለም ሲነሣ በአገራችን የተጠረጠሩ ሰዎች የመጀመሪያ ናሙናዎች ለምርመራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልከው ነበር። ጥቂት ሳይቆይ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እዚሁ መመርመር ጀመረ። ጎተራው በእጃችን ሲሆን ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ያኔ አይተነዋል። ጎተራው በእጃችን እንዲኖር ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ አውቆ የሚሰጥ ሕዝብና አማናን የሚጠብቅ እጅ። አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም።

አላህ ሆይ! ሕመምተኞቻችንን ፈውስልን። የሚሰጡትን ምንዳቸውን አብዛላቸው። የሚጠብቁትን ማንም በማያያቸው ሰዓት አንተ እንደምታያቸው የሚያስታውሱ አድርጋቸው። እኛንም አውቀን ከሚናገሩት አድርገን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም። ወስ-ሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።